የዚየም ግራ እጅ

ዚየም ባዮር ሄሊኮፕተር ማብረር ያስጠላው በአንድ ቀን አይደለም። ሽታው ነው ቀስ በቀስ ያስጠላው። ከሰላም አስከባሪ ጦር ጋር ጎረቤት አገር በዘመተባቸው ዓመታት የጫነው ነገር ሁሉ ይሸት ነበር፤ ቁስለኛው፣ የተቃጠለው ዘይት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየመንደሩ ዳር በአንሶላ ተጠቅልሎ የሚጠብቀው ሬሳ። ሄሊኮፕተር ሲያርፍ ከላይ የሚወርደው ነፋስ አንሶላውን ይገልጠዋል። ቀድሞ የሚያየው አብራሪው ነው፤ ዓይኑን ከመሬት መንቀል ስለማይችል ፊቱን ላዙር ቢል እንኳ አይሆንለትም። ወደ ሰፈር ሲመለሱ መካኒኮቹ ወለሉን በጎማ ያጥቡታል፣ ሮዝ ውኃ በበሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ እሱ ጥግ ቆሞ ጓንቱን ያሸታል። ዘመቻው አልቆ ታኮራዲ ከተማ ቤቱ ከገባ በኋላም ሚስቱ ቪዳ የሠራችውን የዓሣ ወጥ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ያው ሽታ ይመጣበታል።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትሸሸው ከእኔ ወጥ ነው ወይስ ከራስህ?» አለችው አንድ ቀን።

«አልራበኝም።»

«ሳይርብህ ዓመት ሞላህ እኮ!» ቪዳ አዋላጅ ነርስ ናት፤ በደም የሚያስደነግጣት ሰው የለም። «እኔም ቀኑን ሙሉ ደም ውስጥ ነው የምውለው። ግን ከእኔ ደም ውስጥ እሪ የሚል ልጅ ይወጣል። ያንተው ዝም ያለ ነው። በቃ፣ ተወው።»

ተወው። በሻለቃነት ማዕረጉ ተሰናበተና ልቡን ወደ አየር መንገድ አዞረ። የፈለገው ንጹሕ ነገር ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ወለል፣ ሰው በእግሩ ገብቶ በእግሩ የሚወርድበት አውሮፕላን። ሌላ ሕልም አልነበረውም።

የአየር መንገዶች በር ግን ለሄሊኮፕተር ሰው ወለል ብሎ አይከፈትም። በሰማይ ላይ ያሳለፈው ዘመን ያለ ክንፍ ስለሆነ ግማሹ እንኳ አልተቆጠረለትም። ቪዳ የታኮራዲ ሥራዋን ትታ፣ ዕቃቸውን ጭነው አክራ ገቡ፤ እሷ አንድ ጠባብ ክሊኒክ ውስጥ ተቀጠረች፣ እሱ ደግሞ ጢማቸው በወጉ ካልበቀለ ልጆች ጋር በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን እንደ አዲስ ተማሪ ሆነ። ልጆቹ «ወፍጮ» የሚል ስም አወጡለት።

«ወፍጮ መጣ! ጆሯችሁን ያዙ!»

«ወፍጮ፣ ዛሬ የማን በቆሎ ነው የምትፈጨው?»

ይስቅላቸዋል። በልጆች ቀልድ የሚከፋ ሰው አልነበረም። የሚከፋው ሌላ ነገር ነው፤ ግራ እጁ። በሄሊኮፕተር አብራሪው ከመቀመጫው ጎን ያለውን ዘንግ በግራ እጁ ይዞ ወደ ላይ ሲስበው ማሽኑ ይነሳል፤ ሲለቀው ይወርዳል። በአውሮፕላን ደግሞ፣ በተለይ በቀኙ በረዳት አብራሪው ወንበር ለተቀመጠ፣ ያው ግራ እጅ የሞተሩን እጀታ ይይዛል፤ ነገር ግን ኃይል የሚገኘው ወደ ፊት ሲገፋ ነው። ወደ ኋላ ከሳበው የሞተሩን ኃይል ይገድለዋል። ዚየም ይህንን ያውቀዋል፤ ተኝቶ ቢጠይቁት ይመልሳል። እጁ ግን የራሱ ትዝታ ነበረው። አንዳንዴ፣ ያውም ሲደክመው፣ ግራ ክንዱ ወደ ላይ ሊስብ ሲል ይሰማዋልና ቶሎ ይቆጣዋል። ለማንም አልተናገረም።

በመጨረሻ አንድ የአገር ውስጥ አየር መንገድ ለስልጠና ተቀበለው። ሰባ ሰው የሚጭን፣ ባለ ሁለት ሞተር፣ ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ነው። አብራው የተመረጠችው ጂግቦዲ አግቤኮ የምትባል ሆ ከምትባል ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ፣ ሥራዋን እንደ ጸሎት በቃሏ የያዘች። ክፍት የነበረው ወንበር ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ይህንን ያውቃሉ፤ አያወሩትም እንጂ።

ለሲሙሌተር፣ መሬት ላይ ቆሞ በረራን ለሚያስመስለው ማሽን፣ ወደ ጆሃንስበርግ የወሰዷቸው ፈታኛቸው ካፒቴን ኦፎሱሄኔ ናቸው። የቀድሞ የአየር ኃይል ሰው፣ በሌተናል ኮሎኔልነት ጡረታ የወጡ፣ ሆዳቸው ከመሪው ጋር የሚነካካ ትልቅ ሰው። ዚየምን ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ በወፍራም እርጥብ መዳፋቸው ማጅራቱን ይዘው «የእኛ ልጅ!» ይሉት ጀመር።

«የእኛ ልጅ፣ እነዚህ የከተማ ልጆች ምን ያውቃሉ? ሰማዩን በአባታቸው ኪስ ነው የገዙት። እኔና አንተ ግን በላባችን!»

ጂግቦዲ ከጎናቸው ሻንጣዋን እየጎተተች ትሰማለች። አባቷ የትሮትሮ ሚኒባስ ሹፌር መሆኑን ዚየም ያውቃል። «ኧረ ካፒቴን፣ እሷ እንኳ እንደዚያ አይደለችም» ማለት ይችል ነበር። ፈገግ ብቻ አለ።

ካፒቴን ኦፎሱሄኔ ሲበሉ ማየት ከባድ ነገር ነው። እንግዳ ማረፊያው ጠረጴዛ ላይ የዶሮ አጥንት ሰብረው መቅኔውን ይመጥጡታል፣ ጣታቸውን ይልሳሉ፣ በዚያው ጣት የጂግቦዲን የማስታወሻ ወረቀት ያገላብጣሉ። ሲሙሌተሩ ውስጥ ሳይቀር ከኋላ ተቀምጠው የደረቀ ሥጋ ያላምጣሉ። ሁለቱ ሠልጣኞች ሞተር ጠፋ፣ እሳት ተነሳ እያሉ ሲንቀጠቀጡ ከጀርባቸው የማላመጥ ድምፅ ይሰማል።

የፈተናው ቀን ጂግቦዲ ቀድማ በቀኙ ወንበር ተቀመጠች። በእሷ ተራ ላይ ዚየም በግራ ሆኖ ያግዛታል። አንዱ ሞተር ገና ከመሬት ሲነሱ ጠፋባት፤ እግሯ ወዲያው መልስ ሰጠ፣ አውሮፕላኑ ትንሽ እንኳ አልተንገዳገደም። ስታርፍ ጎማው መሬቱን ሲነካ አልተሰማቸውም። ከኋላ ማላመጡ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ።

ቦታ ተቀያየሩ። ዚየም በቀኝ፣ እሷ በግራ። መጀመሪያው ደህና ሄደ። ሞተሩ ጠፋ፣ ያዘው። መሣሪያ ተበላሸ፣ አለፈው። የመጨረሻው ማረፍ ነበር፤ ደመና ዝቅ ያለበት፣ ነፋስ ያለበት። ማኮብኮቢያው ከደመናው ሥር ብቅ እንዳለ ካፒቴኑ ከኋላ ቁልፋቸውን ነኩና ፊት ለፊት እየነፈሰ ክንፉን የደገፈውን ነፋስ ድንገት ነጠቁበት። አውሮፕላኑ ከሥሩ ወለሉ እንደተሰበረ ቁልቁል ተምዘገዘገ።

ዚየም መሬቱ ወደ ፊቱ ሲመጣ አየ። አንሶላ የሚገለጥበት፣ አቧራ የሚነሳበት፣ ለዓመታት ወደ ፊቱ ሲመጣ የኖረው መሬት ነው የመሰለው። ግራ እጁም ለዓመታት ያደረገውን አደረገ። እጀታውን እንቅ አድርጎ ሳበው። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ ዝም አሉ።

«ኃይል!» አለች ጂግቦዲ። እጁ አልሰማም። አሁንም እየሳበ ነው።

«ዚየም፣ ኃይል!» ከዚያ መጠበቅ አልቻለችም። በቀኝ እጇ መዳፉን ከነእጀታው ደፍጥጣ ወደ ፊት ወረወረችው፣ በግራዋ መሪውን ያዘች። «እኔ ይዣለሁ!» ሞተሮቹ ጮሁ፣ ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ፣ የመሬቱ ሥዕል መስታወቱን ሊነካ ሲል ቀና ብሎ ወደ ታች ራቀ። ወጡ። ዚየም የጣቶቹ አንጓ ላይ ጥፍሯ የጣለበትን ምልክት አየ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

«ይበቃል» አሉ ካፒቴኑ እያላመጡ። «ውጡ።»

አንድ በአንድ አስጠሯቸው። ጂግቦዲ ቀድማ ገባች፤ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ በአጠገቡ አልፋ ሄደች። ዚየም ገብቶ ቆመ። ወድቄያለሁ ብሎ አስቀድሞ ራሱን አሳምኗል፤ እንዲያውም የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አሉና ተነስተው እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ወንበሩ ያንተ ነው።»

«ካፒቴን... እጄ እኮ...»

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ስቤዋለሁ። አይተዋል። መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ስቤዋለሁ።»

«እኔ ያየሁት አንዲት ልጅ ሳትታዘዝ ከሚያበረው ሰው እጅ ላይ መሪ ስትነጥቅ ነው። ሌላ ያየሁት የለም።»

«እሷ ባትገፋው ኖሮ መሬት ገብተን ነበር።»

ኦፎሱሄኔ ሳቁ። ጥርሳቸው መሃል የቀረ ሥጋ ይታያል። «መሬቱ እኮ ሥዕል ነው፣ ልጄ! ማን ሞተ? እጅህ ይለምዳል። እኔም ስጀምር ስንት ነገር አድርጌያለሁ፤ ታላላቆቼ ሸፍነውኛል። አንተም ነገ የእኛን ልጅ ትሸፍናለህ። እንዲህ ነው የመጣነው።» ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ልጅቷ ገና ናት። አግብታ ትወልዳለች፣ ትረሳዋለች። አንተ ግን ሚስት አለህ፣ አገር አገልግለሃል። አሁን እራት እንብላ። የምትጋብዘኝ አንተ ነህ!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዚየም በሆዱ ለሰውዬው አንቱታውን ነሳው። በአፉ «እርስዎ» ማለቱን አልተወም። በልቡ ግን «አንተ» ሆነ፤ ለዚህም ታሪክ ከአሁን በኋላ አንተ ነው።

እራት የበሉት አንዲት የኩማሲ ሴት በከፈተችው ምግብ ቤት ነው። የፍየል ሾርባ በፉፉ፣ ተወቅጦ በሚድበለበል የካሳቫ ገንፎ፣ መጣ። ኦፎሱሄኔ የአየር ኃይል ወሬውን እያወራ፣ ለምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ «ይህ ወታደር ነው፣ የእኛ ነው!» እያለ፣ የራሱን ሾርባ በጣቱ ሲፈልግ ቆይቶ አንድ ቁራጭ ሥጋ አወጣና ዚየም ሳህን ላይ አኖረለት። «በል! ይህች የአሸናፊ ናት።» ሥጋው ላይ ነጭ ስብ ተንጠልጥሏል። በአንድ ጎኑ የተነከሰ ይመስላል።

ዚየም በላው። ሳያላምጥ ዋጠውና «እግዜር ይስጥልኝ ካፒቴን» አለ።

እንግዳ ማረፊያው ሲመለስ ሁሉንም አስመለሰው። አፉን ታጥቦ ሲወጣ ጂግቦዲ ኮሪደሩ ላይ ሻንጣዋን ዘግታ ቆማለች።

«ሆድህን አመመህ?» አለችው።

«ጂግቦዲ፣ እኔ... እኔ ነግሬዋለሁ። ስቤዋለሁ ብዬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«መሬቱ ሥዕል ነው አለ።»

ሳቅ የሚመስል ነገር አመለጣት። «ታዲያ ምን አልክ?»

አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ሾርባ በላህ» አለች። «እዚህ ድረስ ይሸታል።» ሻንጣዋን አንስታ ክፍሏ ገባች።

አክራ ሲመለሱ ቤቱ ሠርግ መስሎ ጠበቀው። ቪዳ ጎረቤቶቹን ጠርታ ሩዝ በባቄላ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቀይ በርበሬ አሰናድታለች። ሰሜን ካለችው ከዋ ከተማ ድረስ ወንድሞቹ ደወሉ። አጎቱ «የዳጋራ ጎሳ ልጅ ነጮቹ የሚያበሩትን ሊያበር ነው!» ብለው ፒቶ የሚሉትን የማሽላ ጠላ ጠምቀው መንደሩን አጠጡ። ዚየም ሁሉንም አመሰገነ። ልብስ ሰፊው መጥቶ ለካው፤ ትከሻው ላይ የሚደረገውን ባለ ወርቅማ መስመር ጨርቅ ቪዳ ራሷ በመርፌ ያዘችለት። መስታወት ፊት አቆመችው።

ደስ አለው። ያንን ነው በኋላ ለራሱ ይቅር ያላለው። ነጩ ሸሚዝ አምሮበት፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ንጹሕ መስሎ ታይቶት፣ ለጥቂት ጊዜ ከልቡ ደስ አለው። ወደ ግራ ዞሮ ትከሻውን አየ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ አየ። ከዚያ ያ የስብ ጣዕም ምላሱ ላይ መጣ።

ይህም ሆኖ ወዲያው አልተናገረም። ቀናት አሳለፈ። ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ እያለ ሸሚዙን እየተኮሰ ሰነበተ። በረራ ሊጀምር ቀርቦ ሳለ ነው አንድ ጠዋት ለቪዳ ቁጭ ብሎ የነገራት።

ቪዳ መጀመሪያ ተቆጣች። «እና አሁን ልትመልሰው ነው? እኔ እኮ ሥራዬን ትቼ ነው የመጣሁት! ያ ክሊኒክ ውስጥ ምን እንደምውል ታውቃለህ? ደግሞስ ሰውዬው ሰጠህ እንጂ ሰረቅክ እንዴ? ለማን ብለህ ነው? ለዚያች ልጅ?»

«ለእሷ ብዬ እንኳ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ። «አስጠላኝ፣ ቪዳ። ሰውዬው አስጠላኝ፣ ራሴም አስጠላኝ። ይህንን ሸሚዝ ስለብስ ያ ሽታ ይመጣብኛል።»

ቪዳ የተሰቀለውን ሸሚዝ አየች። ከዚያ በሥራ ቦታዋ ድምፅ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በምትጠይቅበት ድምፅ፣ ጠየቀችው።

«ስንት ሰው ይጭናል ያልከኝ?»

«ሰባ።»

«እጅህ አሁንም እንደዚያ ያደርጋል?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ካልክማ እኔን አትጠይቀኝ። አንተ በምታበረው አልሳፈርም። እናቴንም አላሳፍርበትም።» ተነስታ ሸሚዙን ከመስቀያው አወረደችና አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

የስልጠናው ኃላፊ ካፒቴን ኖርቴይ ይባላል፤ የቴሺ ሰፈር ሰው፣ ደረቅ፣ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ። ዚየም የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው። ቀና ያለ ሰው ተገኘ ብሎ እንዲያቅፈው አልጠበቀም፤ እንደዚያ ይናደዳል ብሎም አልጠበቀም።

«መቼ ነው ይህ የሆነው?»

ነገረው።

«እስከ ዛሬ ምን ትሠራ ነበር?»

«ልብስ ሳሰፋ።»

ኖርቴይ መነጽሩን አውርዶ አየው። «ቢያንስ አትዋሽም። ቻሌ ወዳጄ፣ ምን እንዳመጣህብኝ ታውቃለህ? ያ ሰውዬ የፈተናቸው ልጆች አሁን ሰማይ ላይ ናቸው። ሁሉንም ልጠራቸው ነው። ማን የራሱን ክንፍ ይዞ እንደሚበርና ማን ሾርባ ጋብዞ እንደሚበር በምን አውቃለሁ?» ስልኩን አነሳ። «ሂድ ውጣ። ወንበሩን ረስተኸዋል፣ አይደል?»

«ረስቼዋለሁ።»

ጆሃንስበርግ የሲሙሌተሩ ሰዎች የዚያን ቀን በረራ በማሽናቸው መዝግበው አስቀርተውት ነበርና ሲከፍቱት ሁሉም ተገኘ፤ እጀታው ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ከዚያ ወደ ፊት ሲወረወር። ኦፎሱሄኔ ከፈታኝነቱ ተነሳ። ማብረሩን ግን አልከለከሉትም፤ ጡረታው ደርሷል፣ ስሙ ትልቅ ነው፣ ወዳጁ ብዙ ነው ተባለና ነገሩ በዚያ ተሸፋፈነ። ለዚየም ይህ ሌላ የሚያስመልስ ነገር ነበር።

ሰውዬው አንድ ቀን አየር መንገዱ ግቢ ውስጥ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀው። አልጮኸም። እንዲያውም ድምፁ የሚያባብል ነበር።

«እኔ እንደ ልጄ ነው ያየሁህ» አለው። «ጭቃህን በእጄ ጠረግኩልህ። አንተ እጄ ላይ ተፋህ።»

«ካፒቴን፣ እርስዎ የጠረጉት እኔን አይደለም። ልጅቷን ነው።»

«ልጅቷ! ልጅቷ! ምንህ ናት?»

«ምኔም አይደለችም። ከእኔ የተሻለ ታበራለች።»

ኦፎሱሄኔ ያንን እርጥብ መዳፉን እንደ ለመደው ማጅራቱ ላይ ሊያሳርፍ ዘረጋ። ዚየም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሳያስበው ነው፤ ትል እንዳየ ሰው። ሽማግሌው የተዘረጋ እጁን አየና ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈረ መሰለ። ዚየም አላዘነለትም። ሊያዝንለት ሞክሮ ነበር፤ እምቢ አለው።

ጂግቦዲ እንደገና ተፈተነች፣ አለፈች፣ ወንበሩን ወሰደች። ዚየም እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ደወለላት።

«ማነው?» አለች።

«ዚየም ነኝ።»

«እሺ። አመሰግናለሁ» አለች። «ሸሚዙን አሰፍተህ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ወንበር ጠበቀ። ጠዋት ጠዋት በአንድ በሚያውቀው ሰው የጭነት መኪና መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ እቤት ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ወንበር አኑሮ፣ ከወንበሩ በስተግራ ከዕቃ ማስቀመጫው ጫፍ ላይ የበር መዝጊያ ብረት በማጠፊያ አስሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ቪዳ ዓሣ እየጠበሰች ከጀርባው ድንገት ትጮኽበታለች።

«ሰመጥክ!»

ወደ ፊት ይገፋል።

«ሰመጥክ! አሁንም ሰመጥክ! ኧረ ስበኸዋል፣ ገደልካቸው! ከእናቴ ጋር ገደልካቸው!»

«እናትሽ አልተሳፈሩም!»

«እጅህ እስኪድን አይሳፈሩማ!»

ጎረቤቶቹ ሰውዬው አበደ፣ ሚስቱም ተከተለችው አሉ። አንዳንድ ቀን ዓሣው ያርራል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ መቼ እንደሆነ ራሱም ሳያስተውለው፣ ያረረውን ዓሣ ከኬንኬ፣ በቅጠል ከተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ጋር አጣጥሞ ሲበላ ቪዳ አየችው። አንድ ዓሣ ጨመረችለት።

ወንበር ተገኝቶ ሲጠሩት አንዲት ኬንያዊት ፈታኝ ፈተነችው። ነፋሱን ነጠቀችበት፣ እጁ ወደ ፊት ሄደ። ሁለተኛ ነጠቀችበት፣ ወደ ፊት ሄደ። ስትጨርስ እጁን አልጨበጠችውም፤ «ከመግፋትህ በፊት አሁንም ለቅጽበት ታስባለህ» አለችው። «ማሰብህን እንዳትተው። አልፈሃል።»

ንጹሕ ነገር ፈልጎ የመጣ ሰው ያገኘው እንደዚያ ሆነ። ሸሚዙ ነጭ ነው። አክራ፣ ኩማሲ፣ ታማሌ፣ መልሶ አክራ። መንገደኛው በእግሩ ገብቶ በእግሩ ይወርዳል። የሠራተኞቹ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ግን ከአየር ኃይል የመጡት የሚቀመጡበት አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ዚየም ሳህኑን ይዞ ሲጠጋ አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላው ስልኩን ያነሳል፣ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ኦፎሱሄኔ ጡረታ ሲወጣ ትልቅ ግብዣ ተደረገ፣ በሬ ታረደ፣ ያሠለጠናቸውን ሲያመሰግን አለቀሰ፤ ያለቀሱለትም ብዙ ነበሩ። ዚየምን ማንም አልጠራውም። ፎቶውን ያየው በሰው ስልክ ላይ ነው፤ ባለ መስመሩን ጨርቅ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አፉ በቅባት አብርቶ፣ የአንድ አዲስ ልጅ ማጅራት ይዞ ይስቃል። ስልኩን ለባለቤቱ መለሰለትና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ጂግቦዲ ከሁሉም ቀድማ ካፒቴን ሆነች። አንድ ጠዋት የታማሌ በረራ ላይ ስማቸው አንድ ላይ ወጣ፤ እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ። ስለ አየሩ ተነጋገሩ፣ ስለ ነዳጁ ተነጋገሩ፣ ሌላ ቃል አልነበረም። ሃርማታን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ሰማዩን በቢጫ አቧራ ሞልቶት ነበርና ማረፉን ለእሱ ሰጠችው። አሳረፈው። «ጥሩ» አለች፤ ለማንም ረዳት እንደምትለው።

አክራ ተመልሰው የሠራተኞቹን አውቶቡስ ሲጠብቁ ነው፣ ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሳታየው የጠየቀችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ? ያኔ የሰጡህ ወንበር ሰው የማይሞትበት ቢሆን ኖሮ። ቢሮ ቢሆን። ጠረጴዛና ስልክ ብቻ ቢሆን። ትናገር ነበር?»

ዚየም አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ዘጋው። «አላውቅም» አለ። «የምናገር አይመስለኝም።»

ጂግቦዲ ፊቷን አጨማደደች፣ መራራ ነገር እንደቀመሰ ሰው። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እኔም እንደማትናገር ነበር የመሰለኝ» አለች። አውቶቡሱ መጣ፤ ቦርሳዋን አንስታ ቀድማው ገባችና መስኮት ጋ ተቀመጠች። ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አላኖረችም። ዚየም ወንበሩን አየው፤ የተገባው ግን አልመሰለውምና ወደ ኋላ አልፎ ሌላ ቦታ ተቀመጠ።